ይለካልኝ ላሉ ሹፌር ማስጠንቀቂያ መልስ አይሆንም

ለከተማችን የአውቶቡስ ድርጅት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎታለሁ። ደብዳቤም አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀበለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የመለሰልኝ የለም። ስለዚህ በአደባባይ እጽፋለሁ።

ነገሩ ሞተራቸው ከፊት፣ ሹፌሩ ጎን ስላለው አውቶቡሶች ነው። አንድ አንጋፋ ሹፌር ወገባቸውን ያማቸዋል። ሥራ ጨርሰው ቤት ሲገቡም ጆሯቸው ይጮህባቸዋል። ድምፁና ንዝረቱ ይለካልኝ ብለው በጽሑፍ አመለከቱ። የደረሳቸው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ «ሥራ ማስተጓጎል»። በዚህ ተቆጥቻለሁ!

የሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። የሰውየው ቅሬታ መሠረት እንዳለው በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም የአውቶቡሱን ንዝረት በስሌት የሚያስመስል ሞዴል፣ ሠርቼ ውጤቱን ሰጥቻችኋለሁ። ስሌቱ ውስብስብ አይደለም። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት የናፍጣ ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያቀጣጥላል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ በደቂቃ 600 ዙር ከዞረ፣ በሰከንድ 30 ጊዜ ይገፋል ማለት ነው። የጋቢናው ወለልም በተፈጥሮው የሚርገበገበው እዚያው 30 አካባቢ ከሆነ ንዝረቱ እየተደራረበ ይገዝፋል። ሞዴሉ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። አውቶቡሱ ፌርማታ ቆሞ እንኳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቆርቆሮውም እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ሞተሩ የሚያርፍባቸው የጎማ ትራሶች ይህንን ማብረድ ነበረባቸው። ሲያረጁ ግን ይደድራሉ፤ የደደረ ትራስ ደግሞ ንዝረቱን ለሻንሲው፣ ለአውቶቡሱ የብረት አጽም፣ ያሳልፋል። ትራሶቹን መቀየርና ከወለሉ ሥር ማጠናከሪያ ብረት መበየድ የራሳችሁ ጋራዥ የሚችለው ሥራ ነው።

«ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ማስረጃ አይሆንም» ተባልኩ። እሺ፣ ታዲያ ለምን አትለኩም? ሹፌሩ የጠየቁት እኮ መለካቱን ነው! ሲሙሌሽን የት መለካት እንዳለበት ያሳያል፤ መለኪያው ደግሞ ስሌቱን ያጸናል ወይም ያፈርሳል። አንዱን አልቀበልም፣ ሌላውንም አላደርግም ማለት ሰው ላይ መጨከን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ይህን ያውቁታል። የጨረታ ሰነዳችሁ ግን የወንበሩን ጨርቅ ሳይቀር ሲዘረዝር፣ በሹፌሩ ጆሮ ላይ ስለሚያርፈው ድምፅ አንድ መስመር የለውም።

ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው ይውጣ። ባለሙያ መለኪያ ይዞ ይምጣ፤ ሚኒሞ ላይም፣ ተሳፋሪ ሞልቶ ዳገት ሲወጣም ይለካ። ስሌቴ ስህተት ሆኖ ከተገኘ እዚሁ አደባባይ ላይ እናገራለሁ።