የፊዚክስ ክበብ፦ ሦስቱን ቅንጣቶች ስናመዛዝን የከረምንበት ዓመት

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የተነሳው ሁሉም ተማሪ ከሚያውቃት አንዲት የአቶም ቅንጣቶች ሠንጠረዥ ነው። ፕሮቶን፦ ቻርጁ +1፣ መጠነ ቁሱ 1። ኒውትሮን፦ ቻርጅ የለውም፣ መጠነ ቁሱ 1። ኤሌክትሮን፦ ቻርጁ -1፣ መጠነ ቁሱ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ። ልጆቹ ሠንጠረዧን ሸምድደው ነው የመጡት። እኔም አንድ ጥያቄ ይዤ ጠበቅኳቸው። ይህን ማን መዘነው? በምን ሚዛን?

ሥራውን በመዳብ ጀመርን። በውሃ በተበጠበጠ ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ሁለት ስስ መዳቦችን ነክረን ከባትሪ ጋር አገናኘን። 0.5 አምፒር ለ30 ደቂቃ ሲያልፍ 900 ኩሎምብ ቻርጅ አለፈ ማለት ነው። በኔጌቲቩ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው መዳብ በስሌት 0.3 ግራም ገደማ ነው። የምናገኘው ቁጥር አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ይል ነበር፤ ግን እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ግራም መዳብ ለመለጠፍ ወደ 3,000 ኩሎምብ ይፈልጋል። ለሃይድሮጂን ይኸው ስሌት ሲሠራ በግራም 96,000 ኩሎምብ ገደማ ይወጣል። ይህችን ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈን ተውናት፤ በኋላ ብዙ ሠራችልን።

ዓመቱን ያሞቀልን እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ቶምሰን ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1897 የካቶድ ጨረርን (አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ ከኔጌቲቩ ጫፍ የሚወጣውን የኤሌክትሮኖች ጅረት) በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ እያጠመዘዘ የቻርጁን ለመጠነ ቁስ ድርሻ፣ ማለትም ቻርጁ ለመጠነ ቁሱ ሲካፈል የሚሰጠውን ቁጥር፣ ለካ። ዛሬ የምናውቀው ልኬት በግራም 176 ሚሊዮን ኩሎምብ ነው። ሰሌዳው ጥግ ላይ ካለችው ቁጥር ጋር አካፍሉት ስላቸው 1,836 አካባቢ መጣ። ክፍሉ በአንዴ ተንጫጫ። አንዱ ወገን «እንግዲህ ኤሌክትሮን ከሃይድሮጂን 1,836 ጊዜ ይቀላል» አለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አውጥታ «ቻርጁስ 1,836 ጊዜ የበለጠ ቢሆን?» ብላ ጠየቀች።

ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው! ድርሻ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ትልቅ ቻርጅም ትንሽ መጠነ ቁስም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። ቶምሰንም ሁለቱንም ዕድሎች አስቦባቸዋል። ልጆቹ እኔ መልሱን እንድነግራቸው ቢወተውቱም አልነገርኳቸውም። ለሳምንታት ተከራከሩበት፤ መከራከሩም በጣም ጠቀማቸው።

መፍቻው ቻርጁን ለብቻው መለካት ነው። አሜሪካዊው ፊዚሲስት ሚሊካን ከ1909 ጀምሮ ይህን በዘይት ጠብታዎች ሠራ። እኛ መሣሪያው ስለሌለን ሐሳቡን በታሸጉ ፖስታዎች ሞከርነው። በየፖስታው ውስጥ ቁጥራቸው የማይታወቅ አንድ ዓይነት ብሎኖች አሉ። መክፈት ክልክል ነው፤ መመዘን ብቻ። ክብደቶቹ እንዳሻቸው ሳይሆን በእኩል እርከን እየዘለሉ እንደሚጨምሩ ሲያዩ፣ የአንዱን ብሎን ክብደት አንዱንም ሳያዩ አወቁ። ሚሊካንም በጠብታዎቹ ላይ ያገኘው እንዲህ ያለ እርከን ነው። እርከኑ በዛሬው ልኬት 1.602 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው፤ የሃይድሮጂን አዮን ማለትም ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጂን፣ እሱም ፕሮቶን ራሱ ነው፣ የቻርጁ መጠን ያው ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው መጠነ ቁሱ ላይ ነው። ኤሌክትሮን 1 ግራም ቢሆን ፕሮቶን 1 ኪሎ ከ836 ግራም ይሆን ነበር። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በሙሉ ተጠራቅመው 20 ግራም ገደማ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ አላመኑም፤ ራሳቸው አስልተው ነው ያመኑት።

ኒውትሮን ላይ ብዙ አልቆየንም፤ በሰፊው የሚሠራበት ሙከራ የለንም። ቻርጅ ስለሌለው መስክ አያጠመዝዘውም። እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ቻድዊክ በ1932 ያገኘው ኒውትሮኑ ከፓራፊን ሰም ውስጥ ፕሮቶኖችን ሲያስፈነጥር ነው። ሠንጠረዧ «1» ብላ ከፕሮቶን እኩል ብታደርገውም በ0.14 በመቶ ይበልጣል። ይህች ትርፍ ቀላል አይደለችም። ከኒውክለስ (ከአቶሙ እምብርት) ውጪ ያለ ኒውትሮን በአማካይ በ15 ደቂቃ አካባቢ ፈርሶ ፕሮቶን፣ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ የሚባል ቻርጅ የሌለው በጣም ቀላል ቅንጣት ይሆናል። ብልጫው የፕሮቶን ቢሆን ኖሮ ሃይድሮጂን ጸንቶ ላይኖር ይችል ነበር።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የቻርጁ እኩልነት ነው። ፕሮቶን በውስጡ ኳርክ የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች አሉት፤ ቻርጃቸው ሁለቱ +2/3፣ አንዱ -1/3። ድምሩ ልክ +1 ነው። ኤሌክትሮን እስካሁን ባለን ልኬት የውስጥ ክፍል የለውም። በመጠነ ቁስ እንዲህ ተራርቀው ሳለ በቻርጅ የሚለያዩት በምልክት ብቻ ነው። ሙከራዎች በ10²⁰ አንድ እጅ የሚያህል ልዩነት እንኳ አላገኙም። ለምን እንዲህ ልክ ሆነ የሚለው ሁሉንም ያስማማ መልስ ገና የለውም። የፈተና ጥያቄ ብቻ ሲሠሩ የኖሩ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ፊታቸው ሲበራ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ልጅ ሙዮን ስለሚባለው ቅንጣት ጠየቀ። ሙዮን ቻርጁ ልክ እንደ ኤሌክትሮን፣ መጠነ ቁሱ ግን 207 እጥፍ ነው። ከጠፈር በሚመጣው ጨረር ምክንያት በየሰከንዱ በሰውነታችን ያልፋል። በመጪው ዓመት በአልኮልና በደረቅ በረዶ የሚሠራ የደመና ሳጥን (ቅንጣት ሲያልፍ የጭጋግ መስመር የሚታይበት ሳጥን) ሠርተን ዱካውን ልናይ አቅደናል። የሳጥኑን ንድፍ የ10ኛ ክፍል አባላት ጀምረውታል። ከየትኛውም ክፍል መቀላቀል ይቻላል፤ ሒሳብ እፈራለሁ የሚሉትንም እንቀበላለን።