ለተረከዝ ሕመም «እረፍት አድርጉ» ብቻ አይበቃም

ሰላም ለእናንተ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጤና ገጻችሁ ስለ ሩጫ ጥቅም ያወጣችሁትን አነበብኩት። የሐዋሳ ሰው ጠዋት ጠዋት እየወጣ እንዲሮጥ መምከራችሁ ደስ ብሎኛል። መጨረሻ ላይ ግን «ሕመም ከተሰማዎ እረፍት ያድርጉ» ብላችሁ በአንድ መስመር ዘጋችሁት። የምጽፍላችሁ ስለዚያች መስመር ነው። ተረከዙን የሚያመው ሯጭ ያቺን ምክር ይዞ ወራት ያርፋል፤ ሲመለስ ሕመሙ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ትንሽ ይታገልና ሩጫ ለኔ አልሆነም ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተዋል። እንዲህ ሆነው የቀሩ ስንት ጎበዝ ሯጮች አውቃለሁ መሰላችሁ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ሩጫ ደግሞ በጣም እወዳለሁ፤ ጎህ ሲቀድ በፍቅር ሐይቅ በኩል ወጥቼ ወደ አሞራ ገደል ካልሮጥኩ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ቀኝ ተረከዜን ማመም ከጀመረኝ ዓመት አልፎታል። አሁን እሮጣለሁ፣ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። ሐኪም አይደለሁም። አብሬው እየኖርኩ፣ እያነበብኩና ባለሙያ እየጠየቅኩ የደረስኩበትን ነው የምነግራችሁ።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ሰው ጠዋት ከአልጋው ወርዶ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጥ ተረከዙ ሥር፣ ትንሽ ወደ ውስጥ በኩል፣ ሚስማር የገባ ያህል ይወጋዋል። ግድግዳ ይዞ፣ በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ መታጠቢያ ቤት ይደርሳል። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ላላ ይልለታል። ለረጅም ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲነሳ እንደገና ይመጣበታል። ሩጫ ላይም እንደዚሁ፤ መጀመሪያ ያማል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል፣ ማታ ወይም በነጋታው ብሶበት ይመለሳል። ሯጩን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሲሞቅ ስለሚጠፋ ተሻለኝ ብሎ ኪሎ ሜትር ይጨምራል።

ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጅማት መሰል ጠንካራ ነገር አለ፤ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። የእግራችንን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ከሚችለው በላይ ጭነት ሲደጋገምበት ከተረከዙ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ይጎዳል። ሌሊቱን ሳንረግጠው ያድርና ጠዋት ድንገት ስንቆምበት ያማል። በሕይወት ዘመኑ ከ10 ሰው አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይነገራል። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ ቆመው በሚሠሩ፣ ክብደት በጨመሩና በሯጮች ላይ ይበዛል። አስተናጋጁን፣ ጥበቃውን፣ ፀጉር ሠሪዋን ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል።

እኛ ጋ ግን ተረከዜን አመመኝ ያለ ሰው የሚሰማው መልስ ወይ «ሪህ ነው» ወይ «አጥንት በቅሏል» ነው። እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ «ልጄ፣ ሥጋውን ተዪው፣ ሽሮውንም ቀንሺ» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። ሪህ ግን ብዙ ጊዜ የአውራ ጣትን መጋጠሚያ ነው ድንገት የሚይዘው፤ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩስ ሆኖ አንሶላ እንኳን አያስነካም። ጠዋት ወግቶ ስንራመድ የሚላላ ተረከዝ ይህን አይመስልም። በደም ምርመራ ዩሪክ አሲድ (ሪህን የሚያመጣው ነገር) ትንሽ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ብቻ የተረከዙ ሕመም ከሱ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ የተነሳ ከምስርና ከሽሮ ተጣልቶ የከረመው ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል።

የአጥንቱም ነገር እንደዚያው ነው። ራጅ ሲነሱ ተረከዝ ሥር ሾጠጥ ያለች አጥንት ትታያለች፣ ሰውም ፊልሙን አይቶ ይደነግጣል፣ ኦፕሬሽን ካላደረግኩ አልድንም ይላል። ይህች አጥንት ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ላይም አለች። እሷ ሳትነካ ሕመሙ የሚድንላቸውም ብዙ ናቸው።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ መርፌ ታዘዘልኝ። «ዛሬ ተወጊ፣ ነገ ትሮጫለሽ» ነው የተባልኩት። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። እግር ሳይነኩ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ ሳይሉ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል፤ ሐኪም መርምሮና አስቦበት የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ሲደጋገም ግን ያንኑ የታመመውን ክፍል ያዳክመዋል፣ እስከ መበጠስም ሊያደርሰው ይችላል። ተረከዝ ሥር ያለውን ስብም ያሳሳዋል። በዚያ ላይ ሕመሙን አጥፍቶ በነጋታው ሩጫ መውጣት ማለት የተጎዳውን ቦታ ሳይሰማን መጉዳት ነው። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዙ በየቀኑ መዋጥም መፍትሔ አይደለም። ሆድና ኩላሊት ላይ ጣጣ አለው።

እሺ እረፍትስ? ለጥቂት ቀን ማስታገሱ አይቀርም። ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ እግር አይጠነክርም፣ እንዲያውም ይደክማል፣ ከዚያ የዱሮውን ሩጫ ስንጀምርበት መሸከም ያቅተዋል። የሚያስፈልገው በልክ የተለካ፣ ቀስ እያለ የሚጨምር ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት 48 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ አንዱ ቡድን እግሩን እንዲያሳስብ፣ ሌላው ደግሞ ክብደት እየጨመረ በጣቶቹ እንዲነሳ አደረገ። ከ3 ወር በኋላ የጠነከረ ስፖርት የሠሩት በግልጽ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠብቧል። ለኔ ቀድሞ መሻል ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ልቡ መሮጥ የናፈቀው ሰው ይገባዋል።

አሠራሩ ብዙ ወጪ የለውም። የቤቴ በረንዳ ላይ አንድ ደረጃ አለች። ፎጣ ጠቅልዬ ደረጃዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጥና የእግሬን ጣቶች ፎጣው ላይ አደርጋለሁ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ ቀና ማለታቸው ነው ዋናው፣ ያኔ ፋሺያው ይወጠራል። ግድግዳ ይዤ በአንድ እግር ቀስ ብዬ እነሳለሁ፤ 3 ሰከንድ ወደ ላይ፣ 2 ሰከንድ እዚያው፣ 3 ሰከንድ ወደ ታች። መቸኮል የለም። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። በአንድ እግር የሚከብደው በሁለቱም ይጀምር። ሲቀለኝ የተማሪዎቼን ደብተር የሞላ ቦርሳ አዝዬ እሠራለሁ፣ ጥናቱ ውስጥ ያሉትም መጽሐፍ በቦርሳ ይዘው ነበር የሚሠሩት። ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስፈራም። በነጋታው ጠዋት ከወትሮው ብሶ ከተገኘ ግን መቀነስ ነው። ልብ በሉ፣ ለውጡ በሳምንት አይመጣም። ወራት ይፈጃል። አብዛኛው ሰው በዓመት ውስጥ ይሻለዋል፤ ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው ተስፋ የምንቆርጠው።

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ደግሞ የታመመውን እግር ጉልበቴ ላይ አነባብሬ ጣቶቼን በእጄ ወደ ኋላ እስባለሁ፣ ለ10 ሰከንድ ያህል ይዤ ለቀቅ፣ እንደገና። ያቺን የመጀመሪያ እርምጃ በጣም ታቀልላታለች። ማታ ማታ ውኃ ሞልቼ በረዶ ያደረግኩትን ሃይላንድ ውስጥ እግሬ ሥር አንከባልለዋለሁ። አያድንም፣ ግን ያሳርፋል።

የቤት ነገርም አለ። ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር ወዲያ ወዲህ ማለት ለታመመ ተረከዝ አይሆንም፤ ቤት ውስጥ ሶሉ ወፈር ያለ ነጠላ ጫማ ማድረግ ጥሩ ነው። ሰልባጅ ጫማ የሚገዛ ሯጭም (አብዛኞቻችን ነን) ላዩን ብቻ አይቶ አይግዛ። ሶሉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጦ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ መሆኑን ይይ። ቅዳሴ ጫማ አውልቀን ብዙ ሰዓት የምንቆም ደግሞ መቋሚያ ብንደገፍ፣ ሲብስም ቁጭ ብንል እግዚአብሔር አይቆጣም ብዬ አምናለሁ።

ሩጫውን ጨርሶ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፣ መቀነስ እንጂ። ትንሽ መሮጥ፣ ትንሽ መራመድ፣ እንደገና መሮጥ። ታቦር ተራራ ለጊዜው ይቅር። ዳገቱ ባትንና ተረከዝን ክፉኛ ይወጥራል። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የመሰለ ነገር የለም፤ ትንፋሽ እንዳይጠፋ እሱን መንዳት ነው። ሐይቁ ውስጥ ዋኚ ያሉኝም ነበሩ፣ ግን ሐይቃችን ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት፣ ይቅርብኝ። እግረ መንገዴን ለከተማው አስተዳደር አንድ ነገር ልበል፤ የሐይቁ ዳር መንገድ ሲነጠፍና ሲያምር ደስ ይለናል፣ ግን ከጎኑ ለሯጭ የምትሆን የአፈር መንገድ ቢተውልን ብዙ ሰው ያመሰግናል።

በጣም የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ውስጥ ሯጭ መሆን የሚመኙ አሉ። አንዱ እያነከሰ ሲመጣ እረፍ ስለው «ቲቸር፣ ኃይሌም እኮ እያመመው ነው ያሸነፈው» አለኝ። እውነቱን ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪለስ ጅማቱ ያመው ነበር፤ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ግን ልጆቻችን ታሪኩን እዚያ ላይ ያቆሙታል። ከኦሊምፒኩ በኋላ ኃይሌ ኦፕሬሽን አድርጓል። ያውም ያኔ ሐኪም በአጠገቡ የነበረው የዓለም ቁጥር አንድ ሯጭ ነበር፣ ለኦሊምፒክ ፍጻሜ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ለሰፈር ውድድር ይህን እንዲከፍል የሚያደርግ አሠልጣኝ ቆም ብሎ ቢያስብ ደስ ይለኛል። ከ8 እስከ 14 ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ተረከዛቸውን ሲያማቸው ብዙ ጊዜ ገና እያደገ ያለው የአጥንቱ ክፍል ነው የሚጎዳው። ልፋቱን ሲቀንሱላቸውና ጊዜ ሲሰጧቸው ይድናል፤ ሰነፍ ስላሉት አይድንም።

ከላይ ያልኩት ሁሉ ለተለመደው ሕመም ነው። ተረከዙን ግራና ቀኝ በመዳፍ ሲጨምቁት ክፉኛ የሚያም ከሆነ፣ ሌሊት ተኝቶም የሚቀሰቅስ ከሆነ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሩጫ የለም፣ ወደ ሐኪም ነው። የሚደነዝዝ ወይም የሚነዝር ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ወጣት ሆኖ ሁለቱንም ተረከዝ የሚያመው፣ ጠዋት ወገቡም የሚደርቅበት ሰው ለሐኪም ሁለቱንም አንድ ላይ ይንገር። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በራሱ እግር ላይ ምንም ነገር አይሞክር። ሕመሙ ተረከዝ ሥር ሳይሆን ከኋላ ጅማቱ ላይ ከሆነም ስፖርቱ ይለያል፣ የሚያመው ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር የተያያዘበት ቦታ ከሆነ ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ ሊያብሰው ይችላል። የተጎዳ እግር ይዞ ወደ ወጌሻ ሮጦ ማሳሸቱም፣ የተሰነጠቀ አጥንት ከሆነ አደጋ አለው።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። የጤና ገጻችሁን አንድ ሳምንት ሙሉ ለዚህ ስጡት። ሐዋሳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የተማሩ ባለሙያዎች አሉ፤ አንዱን ጋብዙና ስፖርቱን በሥዕል እያሳየ ያስረዳን፣ የአንባቢ ጥያቄም ይመልስ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔው ልላክ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ስፖርቱን ጠዋት ከሥራ በፊት ቢሠራ ይሻለዋል ወይስ ማታ?

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ ከሐዋሳ