የአባቴ እርሳስና የቤታችን መሠረት

ለደሴ ከተማ አስተዳደር፣ በግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ሳሎናችን ውስጥ ስላለ አንድ ስንጥቅ ላወራችሁ ነው። ከመስኮቱ ጥግ ይነሳና ሰያፍ ሆኖ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። አባቴ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ስንጥቁ የደረሰበትን ጫፍ በእርሳስ ያሰምርና ዓመተ ምሕረቱን ይጽፍበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች የተጠጋጉ ናቸው። በመካከላቸው ጣት አያስገቡም። የኋለኞቹ ግን በስንዝር ይራራቃሉ። እሱ ካረፈ ወዲህ እርሳሱን የምይዘው እኔ ነኝ።

የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ ክረምት ላይ አልዘጋም ይላል። በጋ ሲመጣ ራሱ ይስተካከላል። ልጆች ሳለን እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ይመስለን ነበር። ለካ የሚያብጠው መሬቱ ኖሯል።

ቤታችን ያለው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቤት ስለተቀመጠበት ብሎ ይህን አይተውም። ቤቱን ያነሳዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ክፋቱ እኩል አለማንሳቱ ነው። ጠርዙ ሲነሳ መሃሉ ይቀራል። የአያቶቻችን ጭቃ ቤት እንጨቱ እሺ እያለ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ቢሰነጠቅም በዓል ሲደርስ ይመረጋል፣ በቃ። ብሎኬት ግን መተጣጠፍ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ምሕንድስና የተማረ አጎት ነበረኝ። ይህን ስንጥቅ አይቶ ነው ስለ ያኩትስክ ያጫወተን። ያኩትስክ ሳይቤሪያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። እነሱ ጃንዋሪ በሚሉት ወር አማካይ ብርዷ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከሥሯ ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ ግግር ነው። ፐርማፍሮስት ይሉታል። ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመት ከዜሮ ዲግሪ ሳያልፍ የቆየ መሬት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ሸርጊን የሚባል ሰው እዚያ ከተማ ውስጥ ውሃ ፍለጋ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። እስከ 1837 ድረስ ተቆፍሮ 116 ሜትር ወረደ። እዚያም ጥልቀት ላይ መሬቱ ግግር ነበር።

ታዲያ እንዲህ የጠነከረ መሬት ላይ ቤት መሥራት ምን ይከብዳል? አጎቴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መሬቱን የሚያበላሸው ቤቱ ራሱ ነው አለኝ። ሰው ብርድ ስለሆነ ቤቱን ያሞቃል። ሙቀቱ በወለሉ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ግግሩ ይቀልጣል፣ መሬቱ ሊጥ ይሆናል፣ ቤቱ ያዘማል። ስለዚህ ሕንፃውን መሬት ላይ አያሳርፉትም። ምሰሶ ጥልቅ ድረስ ቀብረው ከፍ አድርገው ያቆሙታል። ከሥሩ ቀዝቃዛ ነፋስ እንዲያልፍ ክፍት ይተዉለታል። አጎቴ «ቤቶቹ እግር አላቸው» ይለን ነበር።

አላስካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረ ረጅም የነዳጅ ቧንቧ አለ። ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ከመሬት በላይ በምሰሶ ተይዞ ነው የሚሄደው። በብዙዎቹ ምሰሶዎች ውስጥ አሞኒያ የያዙ የታሸጉ ቱቦዎች አሉ። አሞኒያው ከሥር ሙቀት ሲነካው ተንኖ ይወጣል። አናቱ ላይ ብርድ ሲመታው ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። እንዲሁ የመሬቱን ሙቀት እየቀዳ ለአየር ይሰጣል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ያም ሆኖ አሁን እየከበዳቸው ነው። የአርክቲክ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ የሞቀው ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ምሰሶው የተሰላው ለድሮው ብርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ኖሪልስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ የአንድ የኃይል ማመንጫ የናፍጣ ጋን ተቀደደ። 20 ሺህ ቶን ገደማ ናፍጣ ወንዝና አፈር ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ኩባንያ ለብዙ ዓመት ያገለገሉት ደጋፊዎች ድንገት ሰመጡ አለ። የግግሩ መቅለጥም ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ይህ ሁሉ ከደሴ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኛ ጋ ብርድ ቢበዛ ውርጭ ነው። ግን ልብ በሉልኝ። የእነሱ መሬት የላይኛው ሽፋን ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይጠጥራል። የእኛ ዋልካ የላይኛው ሽፋን በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ ይደርቃል። እነሱም እኛም መሠረት የምንጥለው በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነሱ ጋ መሬቱን የሚያበላሸው የቤቱ ሙቀት ነው፤ እኛ ጋ የቤቱ ውሃ ነው።

የእኛን ቤት ልንገራችሁ። ስንጥቁ ባለበት በኩል ጣሪያው አሸንዳ አልነበረውም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሁሉ ከቆርቆሮው ተንጠባጥቦ የሚወርደው መሠረቱ ሥር ነው። እናቴ ልብስ የምታጥብበት ውሃም እዚያው ይደፋል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከግድግዳው ሦስት እርምጃ አይርቅም። አባቴ ደግሞ ለጥላ ብሎ ጥግ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ ነበር። በጋ ሙሉ ያንኑ አፈር ይመጠዋል። እንግዲህ በአንድ በኩል በክረምት እናጠጣዋለን፣ በበጋ በዛፍ እናደርቀዋለን። እንዲህ እያደረግን ግንበኛውን እናማ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አሸንዳ አሰቀልን። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ሲሚንቶ አስነጠፍን፤ ውሃው ወደ ውጪ እንዲሸሽ ተዳፋት አለው። እጥበቱን ወደ ቦይ አዞርነው። ዛፉን ቆረጥነው። እናቴ ለዛፉ አዝናለች። ያለፉት ሁለት መስከረሞች እርሳሴን ይዤ ሄጄ አዲስ መስመር ሳላሰምር ተመለስኩ። የአንድ ቤት ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ያወጣነው ገንዘብ መሠረት ሲቆፈር ጥቂት ጠለቅ ብሎ ቢወረድ፣ ዋልካው ተነስቶ በገረጋንቲ ቢተካ ኖሮ ከሚጠይቀው ብዙ ያነሰ ነው።

ወደ ጦሳ ተራራ አቀበት የሚሠሩት ቤቶች ደግሞ ሌላ ስጋት አለባቸው። ተራራው ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አፈር ፊት ለፊት ይደለደላል፣ ግማሹ ቤት ነባሩ መሬት ላይ ግማሹ ድልድሉ ላይ ይቆማል። ከኋላ ያለው የድጋፍ ግንብ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው ውሃው ከጀርባው ይጠራቀምና ይገፋዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ላይ ለደረሰው የመሬት ናዳ ሁላችንም አልቅሰናል። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሊረዱ የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። እኔ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል የበለጠ እርጥበት መያዝ ይችላል። ያ እርጥበት ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እኛም እንደ እነሱ መሠረታችንን የምናሰላው ለድሮው ሰማይ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የመኖሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ፕላን ሲያመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። የጣሪያህ ውሃ የት ይሄዳል? የእጥበትህስ? በፕላኑ ላይ በቀስት ያሳያችሁ። ትልቅ ፎቅ የሚሠራ ሰው የአፈር ምርመራ ያሠራል። አንድ ቤተሰብ ለራሱ ሁለት ክፍል ሲሠራ ግን ስለ አፈሩ የሚጠይቀው የለም። ገንዘብ አውጥቶ ያስመርምር አልልም። ጉድጓዱ ሲቆፈር አንድ ባለሙያ መጥቶ ዋልካው የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ቢያይለት ብዙ ነው።

በደሴ አካባቢ የመሬት መንሸራተት ላይ የተሠሩ ጥናቶችና ካርታዎች አሉ። በየቀበሌው ግድግዳ ላይ በአማርኛ ቢለጠፉ፣ ቦታ የሚገዛ ሰው ሳይከፍል ያይ ነበር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችም ሊያግዙ ይችላሉ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ትንሽ ጀሶ ይለጠፋል፣ ቀን ይጻፍበታል። ጀሶው ከተሰበረ ቤቱ አሁንም እየሄደ ነው። ካልተሰበረ ስንጥቁ ያረጀ ነው። አባቴ በእርሳስ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በመቶ ቤት ቢደረግ የትኛው ሰፈር ቀድሞ መታየት እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ሰኔ ሳይገባ አንዳችሁ ብቅ ብትሉ ቤታችን ክፍት ነው። መስመሮቹን ከነዓመተ ምሕረታቸው አሳያችኋለሁ። እናቴም ቡና ታፈላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ