የደንብ ጨዋታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመምህራን ማረፊያ «እነዚያ ቁጭ ብለው የሚጨቃጨቁት» እየተባልን ዓመቱን ጨርሰናል። እውነት ነው፣ ዋንጫ አላመጣንም። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ብርድ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተማሪን ክፍል ውስጥ ያቆየ ክበብ ካለ የኛ ነው።

የምንጫወተው አሜሪካዊው የፍልስፍና ምሁር ፒተር ሱበር የፈጠረውንና እ.ኤ.አ. በ1982 ለሕዝብ የቀረበውን ኖሚክ የተባለ ጨዋታ ነው። ተራው የደረሰው ደንቡን የሚቀይር ሐሳብ ያቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ከ101 እስከ 116 ያሉት የደንቡ አንቀጾች በቀላሉ የማይነኩ፣ ከ201 እስከ 213 ያሉት የሚሻሻሉ ናቸው፤ አዲስ ሐሳብ ከ301 ጀምሮ ይቆጠራል። ሐሳቡ የወደቀበት 10 ነጥብ ያጣል፤ መጀመሪያ 100 የደረሰ ያሸንፋል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ስብሰባዎች በቃለ ጉባኤ ስላሉ አልደግማቸውም። ጣጣው የመጣው አባላት በዝተው የሳምንቱን ሐሳቦች ባንድ ላይ መወሰን ስንጀምር ነው። ሐሳብ 312፣ ተራው የደረሰው ለነጥብ የሚጥለውን ዳይስ በሚወስነው በአንቀጽ 202 «አንድ ዳይስ» የሚለውን «ሁለት ዳይስ» አደረገ። 315 ደግሞ አንቀጹን ከነጭራሹ እንደ አዲስ ጽፎ ዳይሱን አስቀረ። ሁለቱም አለፉ። የ312 ባለቤት አንቀጽ 211ን ጠቅሶ «ሲጋጩ አነስተኛው ቁጥር ይጸናል» ብሎ ተሟገተ። ዳኛው አልተቀበለውም፤ ልክ ነበር። 211 የሚሠራው በሥራ ላይ ያሉ ሁለት ደንቦች ሲጋጩ ነው። ማሻሻያዎች ግን በቁጥራቸው ተራ ሲፈጸሙ የኋለኛው የፊተኛውን ጽሑፍ ይደመስሳል። ከዚያ ወዲህ ሙሉ አንቀጽ መተካት ቀርቶ የሚለወጠው ሐረግ ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ይጻፋል። ሐረጉ ተራው እስኪደርስ ከጠፋ ማሻሻያው ዋጋ የለውም። ሆን ተብለው የሚፎካከሩ ሐሳቦች «አማራጭ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ሁለቱም ካለፉ ብዙ ድጋፍ ያገኘው ይጸናል፣ እኩል ከሆኑ አነስተኛው ቁጥር።

የባሰው 318 እና 319 ነበሩ። 318 የነጥብ እቁብ ያቋቁማል፣ 319 መዋጮውን 5 ነጥብ ያደርጋል። 318 ወደቀ፣ 319 አለፈ! የሌለ እቁብ መዋጮ ማን ይክፈል? ባለቤቱስ 10 ነጥብ ይቀነስበት?

መልሱ የመጣው መንዝ ጓሳ በሄድንበት ቀን ነው፣ በጣርማ በር ዞረን። ቄሮ በሚባለው በጥንቱ የጓሳ አጠባበቅ ሣሩ እስኪደርስ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። አንድ የአካባቢው አባት ይህን ሲነግሩን፣ በስብሰባ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «አባባ፣ ሰዉ ሁሉ ይከፈት ቢልና ሣሩ ባይደርስስ?»

«ምኑ ሊታጨድ ልጄ?» አሏት።

ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እዚያው ጻፈች። ነፋሱ ገጹን ሲገለብጥባት በክርኗ ተጭናው ነበር። የጻፈችው በሚቀጥለው ሳምንት በሙሉ ድምፅ አለፈ፦ በሌላ ሐሳብ ላይ የቆመ ጥገኛ ሐሳብ በመጀመሪያው መስመር መሠረቱን በቁጥር ይጠቅሳል፤ ቆጠራው ከመሠረቱ ይጀምራል፤ መሠረቱ ከወደቀ ጥገኛው በድምፅ ቢያልፍም አይጸናም፣ ግን በድምፅ ስላልተሸነፈ ባለቤቱ 10 ነጥብ አይቀነስበትም። እኔ እንኳ ያላሰብኩትን የመጨረሻውን ሐረግ ያስገባችው ራሷ ናት። ከምኮራበት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። ሁለት ጓደኛሞች «322 የሚጸናው 323 ከጸና ነው»፣ «323 የሚጸናው 322 ከጸና ነው» ብለው አመጡ። ሁለቱም ይጽኑ ቢባል ያስኬዳል፣ ሁለቱም ይቅሩ ቢባልም ያስኬዳል፤ ዳኛው በምን ይፍረድ? አሁን «ከጸና» ማለት ተከልክሎ «በድምፅ ካለፈ» ብቻ ይፈቀዳል፤ ድምፁ አስቀድሞ ተቆጥሮ ያለቀ ነገር ነውና።

ያልተሳካም አለ። የደንቡ ቅጂ ለሁሉም ባለመዳረሱ ሁለት ጊዜ በአሮጌ ጽሑፍ ላይ ድምፅ ሰጥተን ሰርዘናል። ለኳስ መረብ በየዓመቱ የሚገኝ ገንዘብ ለአንድ ደስታ ወረቀት ለምን እንደሚጠፋ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን (ወተመህን) በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምንፈልገው ወረቀት፣ ማርከርና የሚቆለፍ አንድ ቁም ሣጥን ነው። በመስከረም ከ301 እንጀምር ወይስ ካቆምንበት እንቀጥል የሚለው ሐሳብ ቀርቧል፤ አማራጭ ተብለው የተመዘገቡ ሁለት ተቃራኒዎችም አሉት።