ስለ ጠባብ ፊደል፣ ለጓደኛዬ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን። በስልክ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር ካወራንም ዓመታት ሆነን። አሁን ያስነሳኝ አንድ ወሬ ነው። የመጽሔት ሌይአውት ይዘሻል አሉኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ለርዕስ የሚሆን ጠባብ ፎንት እየፈለግሽ እንደሆነም ሰማሁ። እዚህ ላይ እንኳ ዝም ማለት አልችልም።

ጠባቡን ባለ እግር ፊደል፣ ማለትም በመስመሮቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ እግር ያለውን፣ ኮንደንስድ ሴሪፍ የሚሉትን፣ ከልቤ እወደዋለሁ። ዋና ቤቱ ጋዜጣ ነው። ዓምዱ ጠባብ ነው፣ ርዕሱ ግን ከሩቅ መታየት አለበት። ፊደሉ ሰፊ ከሆነ አንድ መስመር ላይ ሁለት ቃል እንኳ አይገባም። ያኔ ወይ ፊደሉን ታሳንሻለሽ፣ ወይ ከርዕሱ ላይ ትቆርጫለሽ። ጠባብ ፊደል ሲኖርሽ ቁመቱን ሳትነኪ ብዙ ትጽፊበታለሽ።

እዚህ አሜሪካ ኒው ዮርክ ታይምስን ሳይ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው ርዕሶቹ ላይ ነው። ድሮ ርዕሶቹ በተለያዩ ፊደሎች ነበር የሚሠሩት፤ ላቲን ኤክስትራ ኮንደንስድ የሚባል ጠባብ ፊደልም ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 አብዛኛውን ወደ አንድ የፊደል ቤተሰብ ሰበሰቡት፤ ቼልተናም ይባላል። አዲሶቹን ውፍረቶችና ስፋቶች የሳለላቸው ማቲው ካርተር ነው፣ ጆርጂያና ቨርዳና የሚባሉትን የኮምፒውተር ፊደሎች የሠራው። የመጀመሪያውን ቼልተናም የነደፈው ደግሞ በርትራም ጉድሂው ነው፤ ሙያው አርክቴክት ነበር። የነብራስካ ግዛት ምክር ቤት ሕንጻ የእሱ ሥራ ነው። ግንብ የሚያቆም ሰው ፊደልም ሲያቆም ማየት ደስ ይለኛል። ካርተር ፊደሉን ሲያጠበው መልኩ አልጠፋም። ሰፊውና ጠባቡ ጎን ለጎን ሲቆሙ ወንድማማች መሆናቸው ያስታውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እባክሽ፣ ሰፊውን ፎንት ኮምፒውተር ላይ ከጎንና ከጎን አትጭመቂው! ወደ 80 በመቶ ስትጨምቂው ቋሚው መስመር በዚያው ልክ ይቀጥናል። አግድሙ ግን እንደነበረ ይቀራል። በባለ እግር ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን መሆኑ ነው ውበቱ። ስትጨምቂው ያ ልዩነት ይሟሽሻል። ክቡ ፊደል እንቁላል ይሆናል፤ እግሮቹ ያጥሩና ደንዝዘው ይታያሉ።

ጠባብ ፊደል እንደ አዲስ ነው የሚሳለው። ቋሚው ጉልበቱን ይይዛል፣ የሚጠበው የፊደሉ ሆድ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። የክቦቹ ጎን ቀጥ ይላል። እግሮቹ አጠር ይላሉ። በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተትም ከሆዱ ጋር እንዲመጣጠን ይጠባል። አፕል እንኳ ማኪንቶሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያወጣ አይቲሲ ጋራሞንድ የሚባለውን ፊደል ወደ 80 በመቶ አጥብቦ ነበር የተጠቀመበት። በኋላ ግን ቢትስትሪም የተባለው የፊደል ድርጅት የመስመሮቹን ውፍረት እንደገና ማስተካከል ነበረበት። «ቲንክ ዲፈረንት» የሚለውን የአፕል የእ.ኤ.አ. 1997 ማስታወቂያ የምናውቀው በዚያ ፊደል ነው። የሚያምረው ያ ልፋት ስላለበት ነው።

የእኛ ፊደል ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሐን፣ ጠን፣ ጨን እያቸው፤ ሦስት ቋሚ እግር ነው ያላቸው። ከተጨመቁ እግሮቹ ይጣበቁና ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። በዚያ ላይ የአናባቢው ምልክት ብዙ ጊዜ ቀኝ ጎን ላይ ነው የሚቀጠለው፤ ራሱን የቻለ ስፋት ይፈልጋል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ኃምሱ ነው። የቤ ቀለበት ሲጨፈለቅ ከቢ ጋር ይምታታል። ርዕስ ላይ ደግሞ አንባቢ ቆም ብሎ አይፈታልሽም፤ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለበቷ ክፍት እንድትሆን ሌላው ቢጠብም ለእሷ ቦታ ሊተውላት ይገባል። በነጻ የሚገኘው ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት የተለያዩ ጠባብ ስፋቶች አሉት፤ ከእሱ ጀምሪ። ቤንና ቢን፣ ሔንና ሒን አጠገብ ለአጠገብ ጽፈሽ፣ አትመሽ፣ ራቅ አድርገሽ እያቸው።

የት እንደምታውዪውም ልንገርሽ። ለርዕስ፣ ለሽፋን፣ ለመጽሐፍ ጀርባ፣ ለፖስተር፣ በቁጥር ለታጨቀ ሠንጠረዥ ጥሩ ነው። ለረጅም ጽሑፍ ግን በፍጹም። በትንሽ መጠን ሆዱ ይደፈናል፣ አንባቢ ይደክመዋል። ጥቁር ላይ ነጭ አድርገሽ በትንሹ የምታሳትሚ ከሆነም ተጠንቀቂ፤ ቀለሙ ይፈስና ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይጠፋሉ። ማተሚያ ቤቱን በመጀመሪያ የሙከራ ገጽ ጠይቂው፣ በምትጠቀሚበት ወረቀት ላይ። ስክሪን ላይ ባየሽው ብቻ አትወስኚ።

የሽፋኑን ረቂቅ ላኪልኝ። ሁለት ወይም ሦስት ርዕስ በተለያየ ስፋት አድርገሽ ብትልኪ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ፊደል በፊደል አይቼ እመልስልሻለሁ። የእናትሽንም ጤና ጻፊልኝ፤ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አክባሪ ጓደኛሽ