ለጀጎል ሰፈርተኞች፣ ለጅብ መጋቢዎችና ለባቢሌ ስካውቶች የምስጋና መልእክት

የፈላና በር እናቶችና አባቶች፣ የጅብ መጋቢዎች፣ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ስካውቶች (የዱር እንስሳት ጠባቂዎች)፤

በሌሊት በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል፣ ጠባብ መንገድ የሚያቋርጠው ጅብ ፎቶ ለዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር የመጨረሻ ዙር በቅቷል። ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የአንሺው ስም ብቻ ስለሆነ፣ እናንተ ያደረጋችሁት እዚህ በዝርዝር ይጻፍ።

አስቀድመን የበራቸውን ቢጫ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ሳያጠፉ ለቆዩልን እናታችን። ፎቶው ላይ ግንቡና የመንገዱ ድንጋይ የሚታዩት በእርስዎ አምፖል ነው። በፍላሽ ብቻ ቢነሳ ጅቡ ነጥቶ፣ ኋላው ጨለማ ይሆን ነበር። የመስመራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ስለሆነ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በተለይ በኤልኢዲ አምፖል ሥር ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) በጣም ከፈጠነ ፎቶው ላይ ጥቁር ሸንተረር ይወጣል። ስለዚህ ሻተሩ 1/50 ሰከንድ ተደረገ። በዚህ ፍጥነት የሚራመድ ጅብ ይደበዝዛል፤ እሱን አጥርተው የያዙት በ1/8 ኃይል የበሩት ሁለት ትንንሽ ፍላሾች ናቸው። ፍላሾቹን በመስኮታችሁ ሥር እንድናቆም የፈቀዳችሁ ሁለት ቤተሰቦች፣ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ የጅብ ዓይን ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል፤ ፊቱ ላይ ሁለት ነጭ ክብ ብቻ ይቀራል። ከጎን ሲመጣ ግን ጠጉሩና ነጠብጣቡ ይለያል።

የጅብ መጋቢዎች ከሁሉ የከበደውን ሰጣችሁን፤ መንገዱን። ከወራባ ኑዱል፣ ማለትም በግንቡ ላይ ካለው የጅብ መግቢያ ቀዳዳ፣ የገባ ጅብ የትኛውን ግድግዳ ተጠግቶ እንደሚሄድ ባታሳዩን ካሜራው የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም ነበር። በጨለማ ራሱ የሚያነጣጥር ሌንስ ሲዋልል እንስሳው ያልፋል። ስለዚህ 24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 8 ላይ ሆኖ፣ በ2.4 ሜትር ርቀት በእጅ ተነጣጥሮ በፕላስተር ታሰረ። እንዲህ ሲሆን ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ ይጠራል። ሥጋ ወርውራችሁ ጅቡን ወደ ካሜራው ባለማምጣታችሁም እናመሰግናለን። ሥጋ የለመደ ጅብ አንገቱን አቅንቶ የሰው እጅ ያያል እንጂ በራሱ መንገድ አይሄድም፤ ዳኞችም ይህን ይለያሉ።

ዳኝነቱ ጥብቅ ነው፤ መሆንም አለበት። ከመጨረሻው ዙር በፊት ካሜራው የቀዳው ያልተነካ ራው ፋይል ይጠየቃል። ጥግ ላይ የታየች ፌስታል እንኳ በኮምፒዩተር ብትጠፋ ፎቶው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከዓመት በፊት ያሸነፈን ፎቶ የሰረዘው፣ ምስሉ ላይ ያለው ጉንዳን በል እንስሳ ተሞልቶ የደረቀ ነው ብሎ ስለደመደመ ነው። በዚያው ሙዚየም የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2025 ታላቁን ሽልማት የወሰደው ደግሞ በናሚቢያ፣ ሰው ጥሎት በሄደው የኮልማንስኮፕ ከተማ የተነሳ ቡናማ ጅብ ነበር። የኛው ባለ ነጠብጣቡ ነው፤ ከተማውም ሰው የሞላበት።

የባቢሌ ስካውቶች፣ የኤረር ሸለቆው ፎቶ ባያልፍም ድካማችሁ አልተረሳም። በራሱ የሚያነሳው ካሜራ እንስሳን የሚያውቀው በሙቀት ልዩነት ነው። ቀትር ላይ መሬቱ የእንስሳውን ገላ ያህል ሲግል ዝሆን እንኳ ፊቱ ቢያልፍ ላይነቃ ይችላል። ፀሐይ የማይመታውን የድንጋይ ጥላ መርጣችሁ፣ ሣሩንም በነፋስ እየተወዛወዘ ካርዱን በባዶ ፎቶ እንዳይሞላ ያጨዳችሁት እናንተ ናችሁ። ባትሪ ለመቀየር በእሾህ መካከል የተጓዛችሁትንም እናውቃለን።

ድንጋይ ያልወረወራችሁ፣ ውሻ ያሰራችሁ የሰፈር ልጆች፣ ተባረኩ።

ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ግንቡ ላይ ሚስማር አልተመታም፤ ሁሉም የቆመው በአሸዋ ከረጢት ነው፣ ተነስቷልም። ፎቶው 30 በ45 ሴንቲሜትር ታትሞ ለየቤታችሁ ይደርሳል። የመጀመሪያው አምፖሉ ያለበት በር ላይ ይንኳኳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎቶግራፍ አንሺዎቹ፣ ሐረር