ደጄ ድረስ መጥታችሁ ላልገባችሁ ጎረቤቶቼ

ጤና ይስጥልኝ። የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ ዘመዶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዴት ናችሁ? ያለፈውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። የካንሰር ሕክምናዬ፣ ኬሞው፣ አልቋል። 8ኛውን ዙር ከጨረስኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ውጤቴን አይቶ "ነጭ ደምሽ ተመልሷል፣ አሁን ከሰው ጋር መቀላቀል ትችያለሽ" አለኝ። ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ እንባ እየቀደመኝ ትቼዋለሁ።

እኛ አገር የታመመ ይጠየቃል። ያልጠየቀ ሰው ኋላ በምን ዓይኑ ያያል? እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም። ማለቴ፣ አልገባችሁም። ደጄ ድረስ መጥታችሁ ተመለሳችሁ። የማመሰግናችሁ ለዚህ ነው፣ ከምንም በላይ ለዚህ።

ያስመለሰቻችሁ ደግሞ ሲስተር ነች። ስሜን እንዳትጠሪ ብላ ስላስማለችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ብሎኩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራት። ከእኔ ታች ያለው ቤት ተከራይታ የምትኖር ነርስ ነች። ከመታመሜ በፊት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላም ከመባባል ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። የመጀመሪያውን ኬሞ ወስጄ በተመለስኩ ማግስት በሬን አንኳኳች። ጫማዋን ውጭ አውልቃ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፏን በማስክ ሸፍና ገባችና "እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁጡ ሆኜ ነው የምታዪኝ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለችኝ።

ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ነች። ኬሞ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው። ካንሰሩ ቶሎ ይባዛል፤ ግን የፀጉር ሥርም ቶሎ ይባዛል፣ አጥንት ውስጥ ደም የሚሠራው መቅኔም እንዲሁ። ስለዚህ መድኃኒቱ ጠላትን ሲመታ ጠባቂዎቹንም አብሮ ይመታል። ኬሞ በተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ ደም በጣም ይወርዳል። ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ1,500 በላይ አለው፤ ከ500 ከወረደ ግን ለሌላው ሰው ቀላል የሆነ ነገር ሊገድል ይችላል። "አንቺ አሁን አጥር የሌለው ቤት ነሽ" አለችኝ። ጥሬ ሥጋ የለም፣ ያልፈላ ወተት የለም፣ ሰላጣ የለም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው በር ላይ እንኳ አይቆምም።

ከዚያ ወርዳ እናንተን አንድ በአንድ አስረዳቻችሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደተቀየማችሁባት ሰምቻለሁ። ከሆለታ ድረስ መጥተው ደረጃው ሥር ለቆዩት አክስቴ ያለቀሰችው ራሷ ሲስተር ነበረች። አክስቴም አቅፈዋት አለቀሱ። እኔ ላይ ሆኜ ድምፃቸውን ብቻ ነበር የምሰማው።

3ኛው ዙር 10ኛ ቀን ላይ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ብርድ ብርድ አለኝ። ቴርሞሜትሩ 38.4 አሳየ። ፓራሲታሞል ውጬ ልተኛ ነበር። ልጄ ግን ሮጣ ሲስተርን ቀሰቀሰቻት። በነጠላ ጫማ ወጣች፣ ክኒኑን ከእጄ ቀማችኝ። "ይህ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ነጭ ደም የሌለው ሰው ቁስሉ መግል አይዝም፣ ሳሉ አክታ የለውም፣ ያለሽ ምልክት ትኩሳቱ ብቻ ነው፤ ተነሺ" አለችኝ። 4ኛ ፎቅ ያለው ሚኒባስ የሚነዳው ወንድማችን በአንድ ስልክ ተነሳ። ቃሊቲን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲስተር ገና ሳንገባ "ኬሞ ላይ ነች፣ 10ኛ ቀኗ ነው፣ አተኩሷታል!" ብላ ጮኸች። ሰዓት ሳይሞላ አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ገባ። የደም ውጤቱ ሲመጣ ኒውትሮፊሌ 300 ነበር።

በነጋታው የሥራ ቀኗ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ አድራ፣ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ከዚያው ወደ ሥራዋ ሄደች። እንግዲህ ይህችን ልጅ በምን ቃል ነው የማመሰግናት? እናቷ የት እንዳሉ አጠያይቄ ደውዬ "ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለዱት?" ብያቸዋለሁ። ሌላ የምለው አጣሁ።

ሌላም ነገር አድርጋልኛለች፤ ይህኛውን ማንም አያውቅም። ከበሽታው በላይ ያሳመመኝ አንድ ሐሳብ ነበር። "ሐሳብ ስለምታበዢ ነው"፣ "በደንብ ስለማትበዪ ኢሚዩኒቲሽ ወርዶ ነው" ያሉኝ ሰዎች አሉ። በክፋት አልነበረም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አመንኩት። በራሴ እጅ ራሴን እንዳሳመምኩ አድርጌ ቆጠርኩት። አንድ ማታ ሲስተርን "ሰውነቴ ለምን ከዳኝ?" አልኳት።

እሷም መልሳ ጠየቀችኝ። "የግቢያችን ዘበኛ ሌባን በምን ያውቃል?"

"በማያውቀው ፊት" አልኳት።

"ካንሰር ግን የውጭ ሰው አይደለም እትዬ። እዚሁ ብሎክ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው።"

ቲ ሴል የሚባሉ ዘበኞች አሉን። እያንዳንዱ ሴል ውስጡ ከሚሠራው ነገር ቁርጥራጭ እያወጣ ልክ እንደ መታወቂያ ፊቱ ላይ ያሳያል፤ ቲ ሴሎቹ ያዩታል፣ የተበላሸ ካገኙ ሴሉን ያጠፉታል። "እስከዛሬ ሳታውቂ ስንቱን አስወግደውልሽ ይሆናል" አለችኝ። አንዳንዱ የካንሰር ሴል ግን መታወቂያውን ይደብቃል። ሌላው ደግሞ ዘበኛው ሊይዘው ሲመጣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ" ይለዋል፣ ዘበኛውም ይመለሳል። ይህን ስትለኝ የራሴን ትከሻ መታ መታ እያደረገች ነበር። ያ ትከሻ ፒዲ-1 ይባላል። የቲ ሴል ፍሬን ነው። ፍሬኑ የተሠራው ለጥሩ ነው፤ ባይኖር ዘበኞቹ ጤነኛውን አንጀት፣ ታይሮይድና መገጣጠሚያ ሁሉ ያጠቁ ነበር። ካንሰር ይህንኑ ፍሬን ይረግጠዋል። ፒዲ-1ን ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ፣ ሌላ ተመሳሳይ ፍሬን ላይ የሠሩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማትን አብረው ወስደዋል። ከእነሱ ሥራ ፍሬኑን የሚያላቅቁ መድኃኒቶች ወጡ። እኔ የወሰድኩት ያንን አይደለም። ዋጋው ከባድ ነው፣ ለሁሉም ካንሰር ለሁሉም ሰው አይሠራም። የእኔ የተለመደው ኬሞ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ያ ቀይ ቀለም ያለው መድኃኒት።

ግን የዚያን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰውነቴ አልከዳኝም፤ ተታለለ እንጂ። እናንተ እዚያ ክፍል ውስጥ ያላችሁ፣ ገና ኬሞ ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ይህን ለእናንተ ስል ነው ያስረዘምኩት። ጥፋታችሁ አይደለም። ማርና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ ላመጣችሁልኝም አመሰግናለሁ። ሐኪሜ ከኬሞው ጋር ምንም እንዳልቀላቅል ስለነገረኝ አልወሰድኩትም፤ በፍቅር እንደመጣ ግን አውቃለሁ።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሎኩ ሥር ቆማችሁ በረንዳዬን ቀና ብላችሁ ያያችሁ፣ ነጠላችሁን ያውለበለባችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እማማ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው "አይዞሽ ልጄ!" ሲሉኝ ጉሮሮዎ እስኪዘጋ ድረስ ነበር። ድምፅዎ እስከ ላይ ይደርስ ነበር። ትኩስ አጥሚት በፔርሙዝ በሩ ሥር አስቀምጣችሁ አንኳኩታችሁ የወረዳችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ እስካሁን አላወቅኩም። ፔርሙዞቹ እኔ ጋ አሉ፣ አራት ናቸው። በረመዳን ሾርባውን እንደፈላ የላካችሁልኝ፣ በዱዓችሁ ያሰባችሁኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

እድራችን፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ የደም ለጋሾች፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ጽዳቶች በሙሉ፣ ውለታችሁ አለብኝ። ወንድሜ፣ አንተንማ ቤት እናወራለን።

ልጄ ባለፈው በትምህርት ቤቷ የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን ወሰደች። በፊት ብሆን እፈራ ነበር። ክትባቱ ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ዘበኞቿ አስቀድመው እንዲያውቁት ያደርጋል፤ ሲመጣ ፊቱ አዲስ አይሆንባቸውም። ክንዷን ይዛ ስትገባ አቅፌያት ብዙ ቆየሁ።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ በተለይ በእነዚያ በማላስታውሳቸው ቀናት ደውላችሁ ያላነሳሁላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኬሞ ነገር ያስረሳል። ደብተር ላይ ልጽፋችሁ ሞክሬ ነበር፣ 62 ስም ላይ ስደርስ ገና መጀመሬ እንደሆነ ገባኝና ተውኩት።

የፊታችን እሁድ ቡና አፈላለሁ። ሲስተር ፈቅዳለች። ፔርሙዛችሁንም ትወስዳላችሁ። በሩ ክፍት ነው፣ በቃ ግቡ።